ለቅሶ ማን ይጠራል

በካራሞር መንደር የሰው ሞት የሚነገረው በሬዲዮ ነው፤ ጠዋት ከዜናው በኋላ፣ የከብት ገበያው ከመነገሩ በፊት። የዴልያ ሩትሌጅ ስም ማክሰኞ ጠዋት ተጠራ። ምሳ ሰዓት ላይ የግቢው አጥር ብስክሌት ማስደገፊያ እንኳ አልተረፈውም።

ልጇ ፌስተስ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። ሰው በፊት በር ይገባል፣ እጁን ይጨብጣል፣ «ስለ ሐዘንህ አዝናለሁ፣ ፌስቲ» ይላል፣ የአሮጊቷን ግንባር ነካ ያደርግና በጓዳ በኩል ወደ ሻዩ ያልፋል። ፌስተስ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እህቱ ከተማ ገብታ ካገባች ወዲህ በዚያ ቤት እሱና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እናቱም አሁን መቁጠሪያዋ በጣቶቿ ላይ ተጠምጥሞ ተኝታለች።

እጁን ሰው ይጨብጠዋል። ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው።

ሁሉም መጣ። ከአባቱ ጋር በአንዲት የውሃ ቦይ ተጣልተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩት ሽማግሌ እንኳ ሰው ደግፏቸው መጡ። በልጅነቱ «ድንጋይ ራስ» እያሉ የገረፉት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወደ ማገዶ ቆረጣ የሸኙት መምህርም መጡ። «በቁሟ አንድ ቀን ደጇን ያልረገጡ ሰውዬ!» አለ ፌስተስ በሆዱ፣ የደረቀ እጃቸውን ሲጨብጥ። ቢሆንም መጥተዋል። የመጣ ሰው አይረሳም። ያልመጣም እንደዚያው።

ያልመጣችው አንዲት ሰው ናት።

«አሜሪካዊቷ መንገድ ጠፋባት እንዴ?» አለ ጎረቤቱ ጃርላት፣ ሳንዱች በአፉ ሞልቶ። «ሦስት መቶ እርምጃ እኮ ነው። ወይስ መኪና እንላክላት?»

«ጃርላት፣ ብላ። አፍህ ለመብል ይሻልሃል።»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ! ከሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ያነሰ እግር ካላት፣ በል እንግዲህ ምስኪን ናት።»

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች የቆፈሩት መቃብር ውስጥ ሣጥኑ ወረደ። መካነ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነውና ፌስተስ ቀና ሲል የአሜሪካዊቷን የሎይስን ቤት አየው። ከጭስ ማውጫው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አለች ማለት ነው። አልታመመችም፣ አልሄደችም፣ እሳቷን አንድዳ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ፣ ያ ድምፅ ከመቃብሩ ሳይሆን ከገዛ ደረቱ የወጣ መሰለው።

*

ሎይስ ለመጽሐፍ የወፍ ሥዕል የምትሥል ሴት ናት። ከሜዳው ማዶ ያለውን የድሮውን የቄስ ቤት ከተከራየች ሁለተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፌስተስ ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ በትራክተር አምጥቶላት አራገፈ። ዝናብ ነበር፣ ከአንገቱ እስከ ጫማው ርሷል።

«ሻይ ትጠጣለህ?» አለችው።

«አይ፣ አልፈልግም።»

በካራሞር የመጀመሪያው «አልፈልግም» ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ትሕትና ነው። በሦስተኛው ላይ ሰው «እንግዲህ ካስቸገርሽኝ» ብሎ ኮፍያውን ያወልቃል። ይህን ያልጨረሰ ልጅ እናቱን አሰድቧል። እሷ ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና በሩን ዘጋችበት። ፌስተስ ሁለተኛውን እንዳዘጋጀ አፉን ከፍቶ ዝናብ ላይ ቀረ።

የፖስታ ቤቷ ወይዘሮ ሩዋን ይህን ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ሄደውም ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ሎይስ ጣቷን እያወጣች ትጠይቀው ጀመር። «ሻይ? አንድ! ሻይ? ሁለት! ሻይ? ሦስት! በል አሁን ተቀመጥ፣ ግዴታህን ጨርሰሃል!» ትለዋለች። በሰው ፊት ጥርሱን አሳይቶ የማያውቀው ፌስተስ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ስትሥል ቁጭ ብሎ ያያታል፤ የወፎቹን የአገር ስም ይነግራታል፤ እሷ ከሥዕሉ ግርጌ ትጽፈዋለች። የሱን ቃል በጽሑፍ ያሰፈረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሆኖም ከሆዱ ሥር አንድ የቆየ ነገር ነበረው። ስምንት ዓመቱ ሳለ የአጎቱ ሚስት ከአሜሪካ መጣች፤ ፀጉር ኮት ለብሳ። እናቱ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆኑትን፣ ለኤጲስ ቆጶስ እንኳ ያልወጡትን ስኒዎች አወጣች። ሴትዮዋ «አልፈልግም» አለች። እናቱ ሁለተኛ ለመነቻት፣ ሦስተኛም። ሴትዮዋ ስኒውን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችውና ኮቷን ሰበሰበች። እናቱ ያን ቀን ስኒዎቹን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታው ቆየች። ፌስተስ ያንን ጀርባ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

በገና ማግስት ግን ረስቶት ነበር። ታዞለት የማያውቀውን አፉን አሳምኖ፣ «ሎይስ፣ ያች የኛ ቤት ለሦስት ሰው ትጠብ ይሆን?» አላት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። ፊቷ ቀላ። «እስከ ፋሲካ አስቤ ልንገርህ» አለችው። እሱም በዚያች «እስከ ፋሲካ» የብርዱን ወራት ሁሉ ሞቆ ከረመ።

*

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን በጠባቡ መንገድ ተገናኙ። እሱ ትራክተሩ ላይ፣ እሷ በእግሯ። በካራሞር ሰው ሲያልፍ ነጂ ከመሪው ላይ አንዲት ጣቱን ብድግ ያደርጋል፤ ለወዳጅም፣ ለጠላትም፣ ለፖሊስም። የሰው ልጅ ነህ ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ሎይስ እጇን አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ፌስተስ አሥሩንም ጣቶቹን መሪው ላይ አጥብቆ አለፈ።

በሌላ ቀን እስከ ግቢው በር መጣች። እሱ ከላሞቹ መሃል ገብቶ የበረቱን በር ከውስጥ ያዘው። «ፌስቲ?» ስትል ሰማ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። «ሦስት ጊዜ መጥራት እንኳ ከበዳት» አለ፣ ግንባሩን የላሟ ሆድ ላይ አስደግፎ። የላሟ ሙቀት አስለቀሰው፤ በዚያም ተናደደ።

ዓርብ ዕለት ፖስታ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር።

«ሰማህ ወይ?» አሉ ወይዘሮ ሩዋን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሎይስ አባት ሞተዋል። ቴሌግራሙን በገዛ እጄ ሰጠኋት። እዚሁ ቆማ አነበበችው፤ ‹አመሰግናለሁ› አለችና ወጣች። አጽናኝ የላት፣ ዘመድ የላት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች የጃርላት ሚስት። «እኔ ዳቦውን እጋግራለሁ፤ ከቀትር በኋላ ሁላችንም እንግባ።»

ሁሉም ፌስተስን አዩት። በእሷ ነገር ቃሉ እንደሚሰማ ያውቅ ነበር፤ መንደሩ የእሱ አድርጎ ቆጥሯታልና። አንዲት «እንሂድ» በቂ ነበረች።

«ተዉአት» አለ። «ሰው አትፈልግም። እነሱ አገር ለቅሶ እንደ ሠርግ በጥሪ ነው። ጠርታችኋለች?»

«ለቅሶ ደግሞ ማን ይጠራል፣ ፌስቲ?» አሉ ወይዘሮ ሩዋን።

«እሷን ይጠይቋት! የእናቴ ጊዜ ጥሪ ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ካርዱ በፖስታ ሳይደርሳት ቀርቶ ይሆናል!»

ጃርላት ከጥግ ሆኖ ሳቀ። ሴቶቹ አልሳቁም። ወይዘሮ ሩዋን ቴምብሮቹን ያለ ምክንያት ማስተካከል ጀመሩ። «እንግዲህ አንተ ታውቃታለህ» አሉ። የጃርላት ሚስት መሀረቧን አስራ ወጣች። ማንም አልሄደም።

ፌስተስ እስከ ድልድዩ ድረስ የእናቱን ጀርባ፣ የዚያን ፀጉር ኮት፣ የሁሉንም ብድር የመለሰ መሰለው። ከድልድዩ ወዲያ ግን አፉ መረረው። ቤቱ ገብቶ ውሃ ቢጠጣ ውሃውም መረረው።

*

የእናቱ የወር መታሰቢያ ቅዳሴ በደረሰበት ቅዳሜ እህቱ አሳምፕታ ከከተማ መጣች። ከሰዓቱ ጀርባ የተከመረውን የሐዘን ካርድ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ለላከው ሁሉ ምስጋና መጻፍ አለበት፤ ይህ ወግ ነው። ፌስተስ አንዱንም አልከፈተም ነበር። ማንበብ ያደክመዋል፣ ሰው ሲያየው ደግሞ ያሳፍረዋል።

«እማማን ይህን ያህል ሰው ይወዳት ነበር?» አለች አሳምፕታ፣ ፖስታዎቹን በቢላ እየቀደደች። «ይሄ ከካህኑ። ይሄ ከመምህሩ፣ ፊደሉ አሁንም ያስፈራል። ይሄ ደግሞ…» ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። «ይሄ ካርድ አይደለም፣ ደብዳቤ ነው። ፌስቲ፣ ይሄን ራስህ አንብበው።»

«አንብቢልኝ እንጂ፣ ምን ታካብጃለሽ።»

«አላነብም። የሴት ደብዳቤ ነው።»

ጣቱን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ያ ማክሰኞ።

«ውድ ፌስቲ፣ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ሰማሁ። ኮቴን ለብሼ እስከ ደጄ ሄድኩ፣ ከዚያ ተመለስኩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ነው የሚያለቅሰው። ሳይጠሩት ዘው ያለ ሰው ሐዘን የደፈረ ያህል ነው። እናንተን ላለመድፈር ነው የቀረሁት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ቤትህ ይታየኛል። አንድ ቃል ላክልኝ፣ በማንም ይሁን፣ በባዶ እግሬም ቢሆን ሮጬ እመጣለሁ። ደግሞ በገና ለጠየቅኸኝ ነገር፣ እስከ ፋሲካ ላቆይህ አልፈልግም፤ ዛሬ ብቻህን አለመሆንህን እንድታውቅ ነው። መልሴ እሺ ነው። ሦስት ጊዜ እሺ። ሎይስ።»

እንደገና ከላይ ጀመረ። 

«ፌስቲ? አንተ፣ ፊትህ አመድ ሆነ እኮ!»

«ጥሪ ስትጠብቅ ነበር» አለ። ለሹፈት የተናገረው ቃል ነበር፤ በሰው ፊት፣ ጃርላት እንዲስቅለት። «አሳምፕታ… እውነትም ጥሪ ስትጠብቅ ነበር።»

«የአሜሪካዊቷ ነው?» እህቱ ቢላውን አስቀመጠች። «ስመጣ ፖስታ ቤት ነበረች፣ ሣጥኖቿን ስትልክ። በአሥር ሰዓት መኪና ይመጣላታል አሉ፤ ወደ ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ይላል። ፌስተስ ኮፍያውን አጣው፤ ተወው። በሰው ዘንድ ኮፍያ ሳያደርግ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሜዳውን ሲያቋርጥ የሚሰማው ሩጫው ሳይሆን ሠላሳ ቀን ሙሉ ከሰዓቱ ጀርባ ሲጠራው የኖረው ድምፅ ነበር።

*

በካራሞር ጎረቤት በጓሮ በር ነው የሚገባው። ፌስተስ ዛሬ የፊት በሩን አንኳኳ፣ ለቅሶ የሚደረሰው በፊት በር ስለሆነ።

ሎይስ ከፈተች። ኮቷን ለብሳለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ እጇ አረፋ ነው። ክስት ብላለች። ዓይኑን አላመነም።

እጁን ዘረጋ። «ስለ ሐዘንሽ አዝናለሁ፣ ሎይስ።»

የተዘረጋውን እጅ አየችው። እርጥብ እጇን በኮቷ ጠርጋ ጨበጠችው፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ግባ» አለች።

ገባና ባለበት ቆመ። ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ስኒዎች። እያንዳንዱ ከነማስቀመጫው፣ ከነማንኪያው። በውስጣቸው አቧራ አለ። ዙሪያውን የተለያየ ወንበር ተደርድሯል፤ የወጥ ቤቱ፣ የመኝታ ቤቱ፣ ሥዕል የምትሥልበት ሳይቀር። ግማሾቹን ስኒዎች አጥባ ወደ ሣጥን አስገብታለች፤ ማንቆርቆሪያው ለቀሪዎቹ ማጠቢያ ተጥዷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«አሥራ ሁለት ነበሩ» አለች፣ በተረጋጋ ድምፅ። «ቤት ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አሥሩን ከከተማ ገዛኋቸው። ያኔ ሦስት ቀን በመስኮት አየኋችሁ ፌስቲ። በሁለተኛው ቀን ገባኝ፤ ማንም ማንንም አልጠራም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን አፍሬ ነበር፣ ደብዳቤም ልኬልህ ነበር፣ ቃል እጠብቅ ነበር። ከዚያ የአባቴ መጣ። ወንድሜ ከቀበረው በኋላ ነው የነገረኝ፤ እኔን አልጠሩኝም። ምንም አይደለም አልኩ። እዚህ አይጠራም፣ እዚህ ሰው ይመጣል። ስኒ ደረደርኩ፣ ሳንዱች ሠራሁ። ሦስት ቀን እሳት አላጠፋሁም። ሳንዱቹን በኋላ ለወፎች ሰጠኋቸው። ስኒዎቹን ለማንሳት ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ፌስተስ ከወንበሮቹ አንዱን ያዘ። ዝም ቢል ትረዳው ነበር፣ ይቅር ማለትም ትችል ነበር። ግን ከዚያ ጠረጴዛ ፊት መዋሸት አልሆነለትም።

«ሊመጡ ነበር» አለ። «ሴቶቹ ዳቦ ሊጋግሩ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ሰው አትፈልግም አልኳቸው።»



«አንተ?»

«እኔ። የእናቴን ለቅሶ ናቅሽው ብዬ። ደብዳቤሽን አላየሁም፤ ከሰዓቱ ጀርባ ነበር። ዛሬ አሁን ነው ያነበብኩት። ካርድ መስሎኝ… እኔ እንደምታውቂኝ ማንበብ… እንደዚያች ባለ ፀጉር ኮት ሴትዮ መሰልሽኝ።»

የምን ሴትዮ እንደሆነች አልጠየቀችም። እንባዋ ፊቷ ላይ ወረደ፤ ድምፅ የለውም። ለአባቷ ይሁን ለእሱ አላወቀም። አቅፎ ሊይዛት እጁ ተነሳና በመሃል ቀረ።

ከርቀት፣ ከድልድዩ በኩል፣ የመኪና ድምፅ መጣ። ቀስ እያለ ወደ ዳገቱ እያቃሰተ ይቀርባል። ሎይስ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ከዚያ ወደ እሱ። ፊቷ ላይ ያ የሻይ ቆጠራው ጊዜ ጨዋታ ለአንዲት ቅጽበት ተመልሶ በራ።

«ፌስቲ» አለች። «ልቅር?»

ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቅሪ ብሎ ጮኸ። ቅሪ፣ ቤቷ አትጠብም፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎች አሉ፣ ቅሪ። ምላሱ ግን የእናቱ ምላስ ናት፤ አርባ አራት ዓመት አንዲት ነገር ስታጠና የኖረች።

«ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ» አለ።

ብሎም ጠበቀ። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ፤ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበር፤ ከእሷ በቀር ማን ያውቀዋል ይህን? ዓይኖቿም ይጠብቁት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚህች በአንዲቷ ቀን ብቻ፣ ሳይለመን እንዲናገር ይጠብቁት ነበር። ማንቆርቆሪያው ፉጨቱን ለቀቀ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። የሎይስ ቀኝ እጅ ከኮቷ ጎን ነበር፤ አንዲት ጣቷ ልትቆጥር ብድግ ብላ ነበር።

ፌስተስ ጣቷን አያት። ሁለተኛይቱ እንድትከተላት በሙሉ ነፍሱ ተመኘ።

ጣቷ ቀስ ብላ ታጠፈች። ሎይስ ሄዳ ማንቆርቆሪያውን አወረደች፤ ትኩሱን ውሃ ወደ ማፍሰሻው ገልብጣ እሳቱን አጠፋች።

መኪናው ዳገቱን ወጥቶ፣ ጡሩንባው ተነፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ ፌስተስ ከስኒዎቹ አጠገብ እንደቆመ ነበር፤ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ያን ጊዜ ዝናብ ላይ እንደቆመው። ቃሉ አሁን ጉሮሮው ድረስ መጥቶለታል። የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።